ሐሙስ ሐሙስ ፑል እንጫወት ነበር

ፑል ያስተማረኝ ላገባው የነበረ ሰው ነው። ዘመኑ ደርግ ነበር፤ እኔ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ባለ የጭነት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ እሱ እዚያው ግቢ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚጠግን መካኒክ ነበር። ቱታው ላይ የማይለቅ የግራሶ እድፍ ነበረው፤ ሸሚዙ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። እናቱ ናቸው የሚያጥቡለት።

ከመጋዘኑ ጀርባ የሠራተኞች ክበብ ነበረን። በረንዳው ላይ ሻይና ሳምቡሳ ይሸጣል። ከውስጥ ባለው ክፍል አንድ አሮጌ የፑል ጠረጴዛ ነበረ፤ ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አረንጓዴው ጨርቅ ሁለት ቦታ ተጥፏል፤ አንዱ እግሩ ስላጠረ በታጠፈ ካርቶን ተደግፏል። ሴት ወደዚያ ክፍል አትገባም። የከለከለ የለም፤ ግን የገባችም የለችም።

አንድ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሰርቪስ ስጠብቅ ዝናቡ በረንዳው ድረስ ገርፎ አስገባኝ። ሐሙስ ሐሙስ ወንዶቹ ኳስ ሜዳ ልምምድ ስላላቸው ክፍሉ ባዶ ነው። እሱ ብቻውን ይጫወት ነበር። ቀና ብሎ አየኝና መጫወት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደማልችል ነገርኩት።

«ማንም አይችልም» አለኝ። «እነዚያ የሚጮኹትም አይችሉም።»

ሳቅሁ። እንጨቱን አቀበለኝና ጫፉን በሰማያዊ ጠመኔ እንዴት እንደሚያሹ አሳየኝ። ከዚያ ደንቡን ነገረኝ፤ እንደ ሥራ ነገር በቁም ነገር ነው የነገረኝ። ነጯ ኳስ የማንም አይደለችም፤ ሁለታችንም የምንመታው እሷን ብቻ ነው። ከሌሎቹ ሰባቱ ሙሉ ቀለም ናቸው፤ ሰባቱ ወገባቸው ላይ ቀበቶ አላቸው፤ አንዷ ጥቁር ናት፣ ስምንት ቁጥር። መጀመሪያ የተደረደሩትን አንዱ መትቶ ይበትናል። ከዚያ ቀድሞ ያስገባ ሰው ያስገባውን ዓይነት ይይዛል፤ ሌላው የቀረውን። ነጯ መጀመሪያ መንካት ያለባት የራስን ኳስ ነው። የሰው ከነካች ወይም ራሷ ቀዳዳ ከገባች ፋውል ነው፤ ተጋጣሚው ነጯን አንስቶ የፈለገበት ያስቀምጣል። ሰባቱን የጨረሰ ጥቁሯን ይመታል፤ ግን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚያስገባት ቀድሞ መናገር አለበት። ጥቁሯ ያለ ጊዜዋ ከገባች፣ ካልተነገረው ቀዳዳ ከገባች፣ ወይም ነጯ ተከትላት ከገባች መቺው ተሸነፈ።

«ታዲያ ሁሉን ጨርሼ በአንዷ ልሸነፍ ነው?» አልኩት።

«አዎ።»

«ይሄማ ግፍ ነው።»

«ግፍ አይደለም አላልኩም» አለኝ። «ደንቡ ነው ነው ያልኩት።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ዝናብ ሳይኖርም ገባሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሐሙስ የእኛ ሆነ።

ክበቡ ውስጥ ሰዉ ሁሉ የየራሱ ሕግ ነበረው። አንዱ ጥቁሯ የመጨረሻው ኳስ በገባበት ቀዳዳ ካልገባች ይላል፤ ሌላው የትም ትግባ ይላል። ጭቅጭቅ ሲነሣ ሰው ልከው እሱን ከጋራዥ ያስጠሩታል። የሚያምኑት ስለ ችሎታው አልነበረም፤ ከሱ የሚበልጡ ነበሩ። የራሱን ፋውል ራሱ ስለሚናገር ነው። የሸሚዙ እጅጌ ኳስ ከነካ፣ ማንም ባያይ፣ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ «ነክቻለሁ» ይላል። ይስቁበት ነበር። ጴንጤ ነው፣ ምን ታደርገዋለህ፣ ይላሉ።

እውነትም ቤተሰቡ ጴንጤ ነበሩ። ከወለጋ የመጡ ናቸው፤ አባቱ አናጢ ነበሩ፣ እሱ ገና ሥራ ሳይዝ ሞተዋል። ከእናቱ ጋር ከአትላስ ጀርባ አንዲት የጭቃ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየሰዉ ቤት ተራ ገብተው ነው የሚጸልዩት፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በር ዘግተው። እናቱ ቤት የሚሰበሰቡት ሐሙስ ማታ ማታ ነበር። እሱ በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር ነው። እናቱን አልደበቃቸውም፤ ኳስ በእንጨት የምንመታበት ጨዋታ አለ፣ እዚያ ነኝ ብሏቸዋል። እሳቸው ቁማር መስሏቸው እየጸለዩ ያለቅሱበት ነበር።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ የነገረኝም እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ጎንበስ ብዬ ባለ ቀበቶዋን እያነጣጠርኩ «ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። እንጨቱ ሸርተት ብሎ ነጯ ዘላ መሬት ወረደች። ከጠረጴዛው ሥር ገብቶ አነሣትና እዚያው እንደ ተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ። ላክ አልኩት።

አባቴ ኦሎምፒያ ላይ ምስማር፣ ቁልፍና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር በእግሩ መጥቶ ያቋቋመው ነው። የሰፈራችን እድር ዳኛም ነበር። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ ጾም የማይሽር ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብሎ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ ልጁ ጨዋ መሆኑን ሰምቻለሁ፣ ነገር ግን በእምነት አንገናኝም አላቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ክፍል መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «አትጥዪኝ» አለኝ። አልጠላሁትም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ገበታ ላይ አብሬው አልተቀመጥኩም።

ሐሙሱን ግን አልተውንም። ጊዜ ያለዝበዋል እንባባል ነበር።

የተያዘው በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። በዋዜማው፣ ሐሙስ፣ እኛ ስንጫወት፣ አመሻሹ ላይ የቀበሌ ጥበቃዎች እናቱ ቤት ገብተው ጸሎት ላይ ያሉትን አገኙ። የሁሉንም ስም መዝግበው ለቀቋቸው፤ የቤቱ ባለቤት ግን በማግሥቱ ጠዋት ቀበሌ እንዲቀርቡ አዘዙ። የቤቱ ባለቤት ማለት እናቱ ናቸው። ስኳር ያለባቸው፣ አንድ እግራቸው የቆሰለ አሮጊት። እሱ ከእኔ ተለይቶ ቤት ሲደርስ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አገኛቸው።

በማግሥቱ ሥራ አልገባም። ከቀትር በኋላ ጋራዥ ያሉት ልጆች መታሰሩን ሰምተው ነገሩኝ። አስፈቅጄ ወጣሁና በእግሬ አትላስ ድረስ ሄድኩ። ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። እናቱ በሩን ከፍተው ሲያዩኝ ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝና የሆነውን ሁሉ ነገሩኝ።

ጠዋት አብሯቸው ቀበሌ ሄደ። ሊቀመንበሩ እሳቸውን መጠየቅ ሲጀምር እሱ ወደ ፊት ወጣና ቤቱ የእኔ ነው አለ። ሰዎቹንም የምጠራው እኔ ነኝ፣ ጸሎቱን የምመራው እኔ ነኝ፣ እናቴ ታማሚ ናት፣ ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አታውቅም አለ። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲሉት ከዓመት በላይ ሐሙስ ሐሙስ አላቸው። እናቱ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ዘወር ብሎ በኦሮምኛ ዝም በዪ አላቸው። እንዲያ ባለ ድምፅ ተናግሯቸው አያውቅም።

«ዓመቱን ሙሉ አንድ ሐሙስ እንኳ ከእኛ ጋር አልጸለየም» አሉኝ እናቱ። «እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው የሚመጣ፤ ጣቱ ሰማያዊ ሆኖ። የት እንደነበረ አንቺ ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ግን ለማን ነው የምናገረው? እሱ እዚያ አልነበረም፣ ከእኔ ጋር ነበር ብል እሱ ይወጣና እሳቸው ይገባሉ። እሱም ይህንን አስቦ ነው የተናገረው። ሁለታችን እዚያች ቤት ውስጥ ተቀምጠን አንዳችን የሌላችንን እጅ ይዘን ቆየን። ሲመሽ እሳቸው ጸለዩ፤ እኔም በራሴ መንገድ ጸለይኩ።

ከዚያ ወዲያ ስንቅ ማመላለስ ሆነ ሥራዬ። እናቱ ያበስላሉ፤ እኔ ከሥራ በፊት ወስጄ እስር ቤቱ በር ላይ አስመዝግቤ እሰጣለሁ፤ ባዶውን ሳህን እቀበላለሁ። ባዶ ሆኖ ከተመለሰ አለ ማለት ነው። እሑድ እሑድ ማየት ይፈቀድ ነበር፤ በሁለት አጥር መካከል፣ ሰው ሁሉ በአንድ ላይ እየጮኸ። የመጀመሪያው እሑድ ላይ ምን እንደምለው ሳስብ አደርኩ። ደርሼ ሳየው ቀድሞ የጮኸው እሱ ነው፤ ሐሙስ እየተጫወትሽ ነው ወይ አለኝ። አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ተጫወቺ፣ እጅሽ እንዳይረሳ አለኝ።

ስላለኝ ብቻ አንድ ሐሙስ ገባሁ። ኳሶቹን ደረደርኩ፣ በተንኩ፣ የኔን መታሁ፣ ከዚያ ዞሬ የሱን መታሁለት። ከልምምድ የተመለሱ ወንዶች በሩ ላይ ቆመው አዩኝ። እነዚያ ሲጮኹ የሚውሉት ቀስ ብለው ተመልሰው ወጡ። ሁለተኛ አልገባሁም።

መሥሪያ ቤት ውስጥ የፖለቲካ ኃላፊው ጠርቶኝ ለፀረ አብዮተኛ ስንቅ የማመላልሰው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እጮኛዬ ነው አልኩት። ቀለበት የለሽም አለኝ። የለኝም አልኩት። ሊያባርረኝ ይችል ነበር፤ ምን እንዳሳዘነው አላውቅም፣ ሂጂ አለኝ።

አባቴ በየጠዋቱ ሳህን በጨርቅ ቋጥሬ ስወጣ ያየኛል።  አንድ ማለዳ ግን ልወጣ ስል ከገበያ የገዛው አዲስ ብርድ ልብስ ከቋጠሮዬ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁ። «እዚያ ይበርዳል አሉ» አለና ፊቱን ወደ መታጠቢያው አዞረ።

ከሁለት ክረምት በኋላ ተፈታ። ክስም ፍርድም አልነበረም፤ ሂድ ተብሎ ወጣ። በር ላይ ስቀበለው ቀበቶው ዙሮ ዙሮ ጫፉ ጀርባው ጋ ደርሷል። ሳልም ይዞ ነበር የወጣው። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ነው፣ ብዙ ጉዳት አድርሷል አሉን። መድኃኒት ጀመረ። ሥራው በሌላ ሰው ተይዟል። እናቱ ወተትና እንቁላል ፍለጋ በቆሰለ እግራቸው ሰፈር ያዳርሱ ነበር።

እኔ ግን በዚያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። ይህንን ሰው ስነግረው አይገባውም። በየቀኑ አየዋለሁ፣ አጥር የለም፣ እጁን እይዘዋለሁ። አባቴም ሽማግሌ ይምጣ ወይ ስለው ይዳን፣ ከዳነ ይምጡ አለኝ። ከአባቴ አፍ ያ እሺ ማለት ነበር።

ግንቦት ላይ ትንሽ ሲሻለው ክበቡን ማየት እፈልጋለሁ አለኝ። የበሩ ዘበኛ ያውቀዋል፤ ሳይመዘግብ አሳለፈን። ክፍሉ ውስጥ ሰዎች ነበሩ፤ ሲያዩት ጨዋታቸውን አቋርጠው ጠረጴዛውን ለቀቁልን። አንዱ ወንበር አመጣለት። እየመታ፣ እየተቀመጠ፣ እያሳለ ተጫወተ። ዓይኑ አልጠፋበትም፤ ጉልበቱ ነው የከዳው። ቀስ እያለ የራሱን ሁሉ አስገባና ጥቁሯ ላይ ደረሰ። በእንጨቱ ጫፍ የጥጉን ቀዳዳ አሳየኝ። ጎንበስ ብሎ ሊመታ ሲል ሳሉ መጣበት፤ ነጯ ጥቂት ተንከባልላ ማንንም ሳትነካ ቆመች።

«ነክቻለሁ» አለ ቀና ብሎ። «ፋውል ነው።»

«አላየሁም» አልኩት። «ድገመው።»

«አንቺ ባታዪ እኔ አይቻለሁ።»

 ያኔ ለሁለት ዓመት በሆዴ የያዝኩት ነገር ወጣብኝ። ለአንዲት ኳስ የማትዋሽ ሰው፣ ቀበሌ ፊት ቆመህ እንዴት ዋሸህ አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው፣ ሰው እንዳይሰማ። እንጨቱን ተደግፎ ትንሽ አሰበ።

«እናቴ ናት እኮ» አለኝ።

 ነጯን አንስቶ መዳፌ ላይ አስቀመጣት፤ በደንቡ መሠረት የፈለግሁበት ላስቀምጣት እችላለሁ። መምታት አልፈለግሁም ነበር። ካልመታሁ እንደሚከፋው ስለማውቅ መታሁ። የቀሩኝን አስገባሁ፣ ጥቁሯንም በተናገርኩበት ቀዳዳ አስገባሁ። አሸነፍሽ አለኝ፤ እውነተኛ ደስታ ነበር ፊቱ ላይ። ከዚያ በኋላ ከቤት አልወጣም።

ነሐሴ ላይ ደም መትፋት ጀመረና ሆስፒታል ገባ። ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ከሰዓት በኋላ እናቱና እኔ አጠገቡ ሆነን አረፈ። እኔ እግሩን እያሸሁ ነበር፤ ይበርደኛል ብሎኝ። እናቱ ናቸው ቀድመው ያወቁት። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተዪው፣ በቃው አሉኝ።

አስከሬኑን አትላስ ጀርባ ወዳለችው ቤት አመጣነው። ዝናቡ አያባራም። እናቱ እድር የላቸውም፤ የሰፈሩ እድር ጴንጤ አይመዘግብም። ድንኳን የለም፣ መቀመጫ የለም። አብረው ይጸልዩ ከነበሩት ግማሾቹ ፈርተው ቀሩ፤ የመጡት በየጣሪያው ጠርዝ ሥር ተጠግተው በእርጥብ ልብስ ቆመዋል። ጎረቤቱ በመስኮት ያያል። ጥቁር ልብስ ልለብስ ወደ ቤቴ ስሄድ አባቴ ሱቁ ውስጥ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ሞተ አልኩት። ወረፋ የያዘ ደንበኛ ነበረው። ይቅርታ ጠይቆ አስወጣውና ሱቁን ዘጋ።

የሆነውን ኋላ ነው ከሰው የሰማሁት። የእድሩ ዕቃ ቤት ሄደ። ጸሐፊው ደንቡ አይፈቅድም፣ የአባል ቤተሰብም አይደለም፣ የኛም ሃይማኖት አይደለም አለው። አባቴ ደንቡን ካጸደቁት አንዱ ነበር። ቁልፉ የዳኛው ስለሆነ ከኪሱ አውጥቶ ከፈተ። ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹን፣ ድስቶቹን በጋሪ አስጭኖ በዝናብ አትላስ ድረስ ከጋሪው ጎን በእግሩ መጣ። እኔ ከቤት ስመለስ አባቴን ያገኘሁት የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት እጁ አቅፎ ነው፤ ሌሎቹ ገመድ ሲወጥሩ። ጋቢው ተጣብቆበታል። አንድ የሰፈሩ ሰው ተጠግቶ ማን ሞቶብዎት ነው ብሎ ጠየቀው።

«የልጄ እጮኛ ነው» አለ አባቴ።

ይህንን ሲሰሙ ጎረቤቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወጡ። ቀብሩ በማግሥቱ ሆነ። ምእመናኑ በኦሮምኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ዘመሩ። አባቴ ቃሉ አይገባውም፤ ቆቡን አውልቆ እስኪጨርሱ ቆመ።

በወሩ የእድሩ ጉባኤ ተሰብስቦ ከዳኝነቱ አወረደው። ያን ዕለት ወደ ቤት መጥቶ ራቱን በላ፤ ለእናቴ ሌላ ሰው መረጡ ብሎ ነገራት። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ ገበታ ላይ። እጄን ዘርግቼ እጁን ያዝኩት። 

እናቱ ጋ በየሳምንቱ እሄድ ነበር። አንድ ቀን ድንች እየላጡ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። ጥቂት ከላጥን በኋላ ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው በቋንቋቸው። «ያ ጨዋታ እንዴት ነው?»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በእነዚያ ሐሙሶች ምን ታደርጉ ነበር፣ ልጄ የታሰረው ባልነበረበት ጸሎት ነው፣ የነበረበትን ማወቅ እፈልጋለሁ አሉኝ። ስለዚህ ከድንቹ ትንንሾቹን መረጥኩና ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው። ይቺ ነጯ ናት፣ የማንም አይደለችም አልኳቸው። እነዚህ የእሱ ናቸው፣ እነዚህ የእኔ። እሱ እንደነገረኝ ሁሉንም በተራ ነገርኳቸው። ቁማር አልነበረበትም ወይ አሉኝ። አልነበረበትም አልኳቸው። ሲያጠፋስ አሉኝ፤ ራሱ ይናገራል አልኳቸው። እንደ ቃለ እግዚአብሔር ነበር የሚያዳምጡኝ።

«ይስቅ ነበር?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ብዙ ይስቅ ነበር።»

«አባቱ ከሞተ ወዲህ እዚህ ቤት ስቆ አያውቅም» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። በቀብሩም ዕለት እንደዚያ አላለቀሱም ነበር። ድንቾቹ መካከላችን እንደ ተደረደሩ እኔም አለቀስኩ።

ኅዳር ላይ ወንድማቸው ከወለጋ መጥቶ ብቻዎን አይኖሩም ብሎ ወሰዳቸው። ማለዳ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። አንዲት ሳጥንና ያንን የአባቴን ብርድ ልብስ ብቻ ነው የያዙት። በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ፊቴን ዳበሱኝ። አውቶቡሱ ሲወጣ ጥቂት ተከትዬ ሮጥኩ። ዳግመኛ አላየኋቸውም። በዓመቱ ማረፋቸውን ሰማሁ።

እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ይህንን ሁሉ ያውቃል። እናቱን የሸኘሁ ዕለት ጠዋት ግን ከአውቶቡስ ተራ ሥራ ስገባ ረፍዶ ነበር። ኃላፊዬ ሰዓቱን አየ፣ ፊቴን አየ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጠረጴዛዬ ላይ የሚታተም ብዙ ወረቀት ተከምሯል። ታይፑ ውስጥ ወረቀት አስገብቼ መጻፍ ጀመርኩ።